ለሌሊት ሹፌሮች፦ እኔና የመንገድ ዳር ታኮ

ይህን የምጽፈው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌሊት ለሚነዱ ወንድሞችና እህቶቼ ነው። ግን ሌሊት የሚሠራ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ፓርኪንግ ውስጥ የሚያድር፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድር። እኔ አምስት ዓመት ያህል እራቴን የበላሁት መኪና ውስጥ ነው። አብዛኛው ታኮ ነበር፣ በቂጣ ውስጥ ሥጋና ሰላጣ የሚገባበት የሜክሲኮ ምግብ። ብዙ ደስ የሚል ሌሊት አሳልፌበታለሁ። ጤናዬንም ሊወስድብኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ሁለቱንም እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

አሜሪካ የገባሁት በፈረንጆቹ 2016 ነው፣ በዲቪ። ያረፍኩት አክስቴ ልጅ ቤት ነበር። እሱም ሹፌር ነው። በገባሁ በሳምንቱ አንድ ማታ "ና ከተማውን ላሳይህ" ብሎ ይዞኝ ወጣ። ሲርበን ከመኪና ሳይወረድ ወደሚታዘዝበት መስኮት ገባና አራት ታኮ አዘዘ። የወረቀት ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሙቀቱ ሱሪዬን አልፎ ይሰማኝ ነበር። ከፈትኩት። የተጠበሰ በቆሎ ሽታ መኪናውን ሞላው፣ ልክ ክረምት ላይ መንገድ ዳር እሸት ሲጠበስ እንደሚሸተው።

አንዱን አንስቼ ገመጥኩ። ቅርፊቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የተፈጨው ሥጋ ከሙን ከሙን ይላል። ሰላጣው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ያቃጥላል። ቀዩን ሳልሳ፣ ማባያውን፣ ጨመርኩበት። ለሳምንት ያህል አፌ ውስጥ ምንም ጣዕም አልነበረኝም። ስደት የመጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያን ማታ ግን ጣዕሜ ተመለሰ። ደግሞ በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ የለ፣ ቢላ የለ። ሁለታችንም ጣታችንን እየላስን ዝም ብለን በላን። አገሬን ያሰብኩት ያኔ ነው፣ ግን ሳልከፋ።

ስለዚህ ታኮን ለማጥላላት አይደለም የተነሳሁት። ዛሬም እወደዋለሁ።

በ2017 መንጃ ፈቃድ አወጣሁና አየር ማረፊያ ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ከቀኑ 11 ሰዓት እወጣለሁ፣ ሌሊቱ 10 ሰዓት እገባለሁ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ "ሊትል ኢትዮጵያ" የሚባለው ሰፈር አለ። ከ2002 ጀምሮ ከተማው ራሱ በዚህ ስም ነው የሚያውቀው። እንጀራ እዚያ አለ። ግን እኔ በምላወስበት ሰዓት ተዘግቷል። የምኖረው ደግሞ ከሦስት ደባሎች ጋር ነበር። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሽንኩርት ማቁላላት አይቻልም። ሰው ተኝቷል። ክፍት ሆኖ የሚጠብቀኝ ያ የመኪና መስኮት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ባዶ ሆዴን ከቤት መውጣቴ ነው። ከሰዓት እነቃለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ፣ እወጣለሁ። ምሽት 3 ሰዓት ሲሆን ሆዴ ይጮኻል። የተራበ ሰው ማዘዣው ማይክራፎን ጋ ሲደርስ የሚያዘው እሱ ሳይሆን ረሃቡ ነው። ሁለት ታኮ ብዬ የጀመርኩት አራት ሆነ። ከዚያ ቡሪቶ፣ በትልቅ የስንዴ ቂጣ የሚጠቀለለው፣ ተጨመረ። ከዚያ ኮምቦ፣ ማለትም ምግብና መጠጥ አንድ ላይ፣ ስትገዛ ይረክሳል ስለሚባል ትልቁ ለስላሳ መጣ። ስልኬ ላይ አፑን ከጫንኩ በኋላ ደግሞ በየቀኑ "ዛሬ ብቻ" የሚል ቅናሽ ይመጣልኛል። ገንዘብ የምቆጥብ መስሎኝ ያልፈለግኩትን እገዛ ነበር።

ማታ ማታ እናቴ ትደውላለች። እዚህ ሌሊት ሲሆን እዚያ ጠዋት ነው፣ ቡና ላይ ሆና ነው የምትደውለው።

"እራት በላህ ልጄ?"

"በላሁ እማዬ።"

"ምን በላህ?"

"ሥጋ በቂጣ።"

"ጎሽ የኔ ልጅ" ትለኛለች። ደስ ይላታል። እኔም አልዋሸሁም። ግን ስንት ቂጣ እንደበላሁና ከምን ጋር እንደጠጣሁ አልነግራትም ነበር።

በ2018 ዐቢይ ጾም ገባ። ሃምሳ አምስቱን ቀን እንዴት እንደምዘልቀው ሳስብ መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። የቦሎቄ ቡሪቶ አለ። "አይብ ይቅር፣ ክሬም ይቅር" እላለሁ፣ አለቀ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ጾምኩ። ታዲያ አንድ ሌሊት የጫንኩት ተሳፋሪ የሜክሲኮ ሰው ነበር፣ ምግብ ቤት የሚሠራ። ስለ ጾማችን ስነግረው በጥሞና ሰማኝና "ቦሎቄው ማንቴካ የለውም ወይ?" አለኝ። ማንቴካ ምን እንደሆነ አላውቅም። የአሳማ ስብ ነው። የተፈጨው ቦሎቄ በጥንቱ የሜክሲኮ አሠራር በአሳማ ስብ ይጠበሳል። በማግስቱ ያዘወተርኩበትን ቤት ጠየቅኩ። አዎ አሉኝ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነቴን ነው። ለንስሐ አባቴ ስናገር "ሳታውቅ ነው ልጄ። ከእንግዲህ ግን ጠይቅ" አሉኝ። እኔም እናንተን ጠይቁ እላችኋለሁ። ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። በዘይት ብቻ የሚሠሩ አሉ፣ ከትልልቆቹም ከትንንሾቹም። ስትጠይቁ "አትክልት ብቻ ነው?" አትበሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሠራተኛ ሥጋ ከሌለበት አዎ ይላችኋል። "ማንቴካ አለው?" በሉ፣ ይገባቸዋል። ሩዙንም ጠይቁ። ቀዩ ሩዝ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ነው የሚበስለው። "ካልዶ ዴ ፖዮ" ይሉታል። የስንዴው ቶርቲያም፣ ማለትም ቂጣው፣ አንዳንድ ቦታ ስብ አለው። የበቆሎው ግን በባህሉ በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ የበቆሎውን ያዙ።

ሥጋውንም ስሙን ዕወቁት። ይህን የምለው አንድ ሙስሊም ጓደኛዬ ላይ ሊደርስ ስለነበረ ነው። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርቶ የመጣ ልጅ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የሚሽከረከረውን ሥጋ ሲያይ "ሻዋርማ!" ብሎ ሮጠ። ይመስላል፣ አልፈርድበትም። አመጣጡም ከሻዋርማ ነው። ከሊባኖስ ወደ ሜክሲኮ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው ያን የቆመ ብረት ይዘው የሄዱት። ነገር ግን ሜክሲኮ ውስጥ ሥጋው ተቀየረ። "አል ፓስቶር" ሲባል አሳማ ነው። "ካርኒታስ" አሳማ ነው። "ቾሪዞ" አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። "ካርኔ አሳዳ" የበሬ ጥብስ ነው፣ "ፖዮ" ዶሮ ነው፣ "ሌንጉዋ" ምላስ ነው። እነዚህን ስድስት ቃላት ስልካችሁ ላይ ጻፉና ያዙ። ሥጋው ሐላል መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ይጠየቅ።

በ2020 ወረርሽኙ መጣ። አየር ማረፊያው ጭር አለ። አንዳንድ ቀን አራት ሰዓት ጠብቄ አንድ ሰው እጭናለሁ። ምግብ ቤቶች ወንበራቸውን ገልብጠው ዘጉ፣ የመኪና መስኮቱ ግን አልተዘጋም። መስኮቱ ላይ የምትሠራ ኦዋሃካ ከሚባለው የሜክሲኮ ግዛት የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል። ድምፄን ከማይክራፎኑ ትለየዋለች። "ሚ ኢሆ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ከሰጠኋት ትእዛዝ ላይ ሁለት ታኮ ጨምራ፣ በጨርቅ ጓንቷ እጄን ጨበጥ አድርጋ ሸኘችኝ። በዚያ ወር ሙሉ ሰው የነካኝ እሷ ብቻ ናት። ስለ ፈጣን ምግብ ክፉ ሲወራ ስሰማ እሷ ትዝ ትለኛለች። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው፣ እሱም እንደኛ ሌሊት የሚሠራ ሰው።

ቢሆንም ሰውነቴ እየተናገረ ነበር፣ እኔ አልሰማሁም እንጂ። ሱሪ ቁጥር ቀየርኩ። ጠዋት ስነቃ ጣቶቼ ያብጣሉ፣ ቀለበቴ አልወጣ አለኝ። ውሃ ይጠማኛል፣ ሽንት ያመላልሰኛል። ራሴን ከኋላ በኩል ያመኛል። "እንቅልፍ ማጣት ነው" አልኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው።

በ2021 ነሐሴ ላይ ደግሞ ሆዴን ታመምኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የዶሮ ታኮ ገዛሁ። ወዲያው ረጅም ጉዞ መጣልኝ፣ በረሃ ውስጥ ወዳለችው ፓልም ስፕሪንግስ ከተማ። ጥሩ ገንዘብ ስለሆነ ከረጢቱን ከኋላ ሻንጣው ጋ ከትቼ ነዳሁ። ስመለስ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በረሃው ያን ሌሊት እንኳ ይፋጃል። ከረጢቱን አውጥቼ በላሁት። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። የሦስት ቀን ገቢ ለአራት ታኮ። ደንቡን ኋላ ነው የተማርኩት። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ይጣላል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ። የቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። መጣል ይከብዳል፣ በተለይ እኛ ምግብ መጣል ነውር ነው ተብለን ላደግን። ጣሉት።

ይህም አላስተማረኝም። ያስተማረኝ 405 የሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ነው።

ጥር 2022 ነው። ሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ። አራት ታኮ፣ አንድ ቡሪቶና ትልቁን ለስላሳ ጨርሼ ሃያ ደቂቃ ቢሆነኝ ነው። ከኋላ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተኝታለች። መኪናው ሞቅ ብሏል። ሰውነቴ ከበደኝ፣ ዓይኔ ላይ ጨርቅ የወረደ መሰለኝ። ከዚያ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ። መስመሩ ላይ የተተከሉት ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው፣ ጎማዬ እነሱ ላይ ወጥቷል። ደንግጬ መሪውን መለስኩ። በግራዬ የጭነት መኪናው መብራት እንደ ግድግዳ አለፈ። ሴትየዋ አልነቃችም። ሕፃኑ ብቻ ዓይኑን ከፍቶ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል።

አድርሻቸው ስመለስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያን ሌሊት ሁለተኛ ሰው አልጫንኩም።

በሳምንቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ የደም ግፊቴን ለካችው። ዝም ብላ እንደገና ለካችው። አምስት ደቂቃ አስቀምጣኝ ለሦስተኛ ጊዜ ለካችው። 162 በ98። ደም ሰጠሁ። የስኳሩ ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ 6.2 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረችልኝ። ከ5.7 በታች ደህና ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 የስኳር በሽታ ደጃፍ ነው። 6.5 ከሆነ በሽታው ገብቷል። "አንተ ደጃፉ ላይ ነህ። ገና መመለስ ትችላለህ" አለችኝ። ከዚያ "ሌሊት ምን ትበላለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ኪሴ ውስጥ የነበሩትን ደረሰኞች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ስድስት ነበሩ፣ የአንድ ሳምንት።

አልተቆጣችኝም። ቁጭ ብለን ደመርነው። አንድ ተራ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ታኮ 170 ካሎሪ አካባቢ ነው። ብዙ አይደለም። ሶዲየሙ፣ ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ግን 300 ሚሊ ግራም ያህል ነው። አራት ሲሆን 1,200። ቡሪቶው ብቻውን ከ1,000 ያልፋል። በአሜሪካ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ጣሪያ በቀን 2,300 ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማለት ነው። እኔ በአንድ እራት፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ የቀኑን ጨርሼዋለሁ። ለስላሳው ደግሞ የባሰ ነበር። አንድ ጣሳ ኮካ 39 ግራም ስኳር አለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለወንድ በቀን ከ36 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር አይመክርም። የኔ ብርጭቆ ደግሞ የጣሳው እጥፍ ይሆናል፣ በነጻ ሲሞላልኝም እጨምር ነበር።

ያን ቀን አንድ ጠቃሚ ነገር ተማርኩ። ከ2018 ጀምሮ 20ና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ካሎሪውን ሜኑ ላይ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። ያንን አይታችሁታል። ሶዲየሙ ግን ሜኑ ላይ የለም። ሲጠየቁ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ድረ ገጻቸው ላይም ታገኙታላችሁ። የግፊት ሰው ከካሎሪው ይልቅ ሶዲየሙን ነው መፈለግ ያለበት። አንድ ጊዜ የምትወዱትን አምስት ምግብ ፈልጋችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሁሌ ማየት አያስፈልግም።

መድኃኒት ጀመርኩ። ለሁለት ወር ታኮ የሚባል ነገር ጨርሶ ተውኩ። ያም ስህተት ነበር። በምትኩ ምንም አላዘጋጀሁማ። እየራበኝ እነዳለሁ፣ ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቺፕስና ብስኩት እበላለሁ። ግፊቴ አልወረደም። ተስፋ ቆረጥኩ።

ያወጡኝ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው። አየር ማረፊያው ጋ ተራ የምንጠብቅበት ቦታ አለ። እዚያ ሐበሻው ይሰበሰባል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ይከራከራል። ጋሼ ነው የምላቸው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ቦርጭ የላቸውም። ሁልጊዜ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው የምሳ ዕቃቸውን ያወጣሉ። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ሁለት ጥቅል እንጀራ። እጃቸውን በውሃ ይታጠባሉ፣ ያማትባሉ፣ ይበላሉ። ጭንቀቴን ሳጫውታቸው አጎረሱኝና እንዲህ አሉኝ።

"ልጄ፣ ታኮ ምን አደረገህ? አንተ ነህ ያልተመገብከው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ብላ፣ ትንሽ ብላ። ሌሊት የምትበላውን ምረጥ እንጂ አትሽሽ።"

ከዚያ "ተከተለኝ" ብለው ወሰዱኝ። አንድ የነዳጅ ማደያ ጓሮ የቆመ የታኮ መኪና ጋ። አምስት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ቆሜበት አላውቅም። ፈጣን ምግብ ማለት መስኮትና ማይክራፎን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛውም ፈጣን ነው፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ታኮ የምትሠራውን ሴት ቆሜ አየኋት። ከሊጡ እንቁላል የምታክል ድቡልቡል ትቆርሳለች። በእንጨት መጫኛው ውስጥ ተጭናት ስትከፍተው ክብ፣ የእጄ መዳፍ የሚያህል ቂጣ ይወጣል። ምጣዱ ላይ ትጥለዋለች። ጠርዙ ሲነሳ በጣቷ ትገለብጠዋለች፣ ሳታይ። ከዚያ መሃሉ ይነፋል። እናቴ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ እንደምታውቀው፣ እሷም ያን ንፋት ጠብቃ ነው የምታነሳው። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ፣ አድሮ፣ ታጥቦ ነው የሚፈጨው። ኖራው በቆሎው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ሰውነት እንዲያገኘው ያደርጋል። እኛ ጤፉን በእርሾ እንደምናሳድረው፣ እነሱም በቆሎውን በኖራ ያሳድሩታል። ይህን ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቁታል።

ጋሼ ሁለት የምላስ ታኮ አዘዙልኝ። ምላስ ሰንበር ለሚያውቅ ሰው ምን ልንገራችሁ። የተከተፈ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ አረንጓዴ ሳልሳ ዳጣ የመሰለ። አይብ የለ፣ ክሬም የለ። ሁለት በላሁ፣ ውሃ ጠጣሁ። ጠገብኩ። ገርሞኝ ቆሜ ቀረሁ።

ስለ ታኮ ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ሳን በርናርዲኖ ከተማ ውስጥ ሚትላ ካፌ የሚባል ቤት አለ፣ በ1937 የተከፈተ። ግሌን ቤል የሚባል ሰው ከመንገዱ ማዶ ሃምበርገርና ሆት ዶግ ይሸጥ ነበር። እዚያ የሚሰለፈውን ሰው አየ፣ የጠንካራውን ታኮ አሠራር ተማረ። በ1962 ዳውኒ በምትባል ከተማ ታኮ ቤል የሚባለውን የፈጣን ምግብ ቤት ከፈተ። ቅርፊቱ አስቀድሞ ተጠብሶ ተደርድሮ ስለሚጠብቅ ነው ፈጣን የሆነው። አንድ ቀን ሰው አድርሼ ስመለስ ሚትላ ካፌ ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንካራ ታኮ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሰሃን፣ በቀን ብርሃን በላሁ። ያው ቀጭ የሚል ድምፅ ነው፣ ያው የመጀመሪያው ማታ። ግን አልቸኮልኩም። ሦስት ነበር የቀረበልኝ፣ እየተጨዋወትኩ ነው የጨረስኩት።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ። እሑድ ምስር ወይ ሽሮ እሠራለሁ፣ ለአራት ቀን በዕቃ በዕቃ እከፍለዋለሁ። በረዶ ያለበት ትንሽ ሳጥን መኪናዬ ውስጥ አለ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ እበላለሁ፣ ተሳፋሪ ቢመጣም ባይመጣም። ታኮ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፣ ሁለት ፍሬ፣ በበቆሎ ቂጣ። ቡሪቶ ትቻለሁ። ትልቁ የስንዴ ቶርቲያ ምንም ሳይገባበት 300 ካሎሪ አካባቢ ነው። የመኪና መስኮቱ ጋ ከሄድኩ ደግሞ አይቡና ክሬሙ በቲማቲም እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ፣ ያደርጉልኛል። ትንንሾቹን የሳልሳ ከረጢቶች ሁለት ብቻ ነው የምወስደው። እያንዳንዷ ትንሽ ጨው አላት፣ ስምንት ስትሆን ትደመራለች። አፑን አጠፋሁት። ለስላሳውን በአንድ ቀን መተው ካቃታችሁ መጀመሪያ ትንሹን ብርጭቆ ያዙ፣ ከዚያ በረዶ ሙሉት፣ ከዚያ ውሃ። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ከበላችሁ በኋላ ወዲያው አትንዱ። አሥራ አምስት ደቂቃ መኪናውን ዙሩ። እባካችሁ። ያ ሕፃን በመስታወት ውስጥ ሲያየኝ ዛሬም ይታየኛል።

ግፊታችሁን ተለኩ። ብዙ ፋርማሲ ውስጥ በነጻ የሚለካ ማሽን አለ። መድኃኒት የጀመረ ደግሞ ቁጥሩ ሲስተካከል በራሱ እንዳያቆም። እኔ ልተወው ብዬ ሐኪሟ ናት የከለከለችኝ። ከስምንት ወር በኋላ ኤ ዋን ሲዬ 5.8 ሆነ። አሁንም ደጃፉ ላይ ነኝ፣ ግን ፊቴ ወደ ውጭ ነው። ግፊቴ ከክኒኑ ጋር 128 በ80። ቀለበቴ ይወጣል፣ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት ከታኮ መኪናው አጠገብ ቆሜ እናቴ ደወለች።

"እራት በላህ ልጄ?"

"እየበላሁ ነው እማዬ። ምላስ በቂጣ።"

"ምላስ? በፈረንጅ አገር?"

"አዎ፣ የበሬ ምላስ።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደህና አድርገው ልጠውታል?" አለችኝ።

ሴትየዋ ምላሱን ስትከትፈው እያየሁ ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ አንዲት ቆዳ የለችበት።

"ልጠውታል እማዬ" አልኳት።